ቲፒኤም በስድስት ወር ፋብሪካው ሙሉ ይግባ ተብያለሁ፣ ከየት ልጀምር?

አዲስ ገቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን ዝም ብዬ አንባቢ ነበርኩ፣ አሁን ነገሩ ራሴ ላይ ሲመጣ ጻፍኩ። ሜንቴናንስ ፕላኒንግ ላይ ነበር የምሰራው፣ አሁን የቲፒኤም (ቶታል ፕሮዳክቲቭ ሜንቴናንስ፣ ኦፕሬተሩም ሜካኒኩም አብረው ማሽን የሚጠብቁበት አሰራር) ኮርዲኔተር የሚል ደብዳቤ ተሰጥቶኛል። ሹመቱን አልጠላሁትም፣ ችግሩ አብሮት የመጣው ፕላን ነው። በስድስት ወር ሁሉም መስመር ላይ ይግባ፣ ስምንቱም ፒላር (የቲፒኤም የስራ ዘርፎች) አንድ ላይ ይጀመር፣ ለኦፕሬተሮች የሁለት ቀን ስልጠና ይሰጥ፣ ከዛ ቼክሊስት ይታደል ነው የሚለው። ባነሩ ታዟል እንግዲህ፣ እሱ ክፍል በጣም ፈጣን ነው።

የመሙያና የማሸጊያ መስመሮች አሉን፣ ግማሹ ማሽን አሮጌ ነው። ሜካኒኮቹ ከአንዱ ብልሽት ወደ ሌላው ሲሮጡ ነው የሚውሉት፣ ፕሪቬንቲቭ ሜንቴናንስ (ሳይበላሽ የሚሰራ ጥገና) ፕሮግራም ይያዝና "ፕሮዳክሽን ማሽኑን አልለቀቀም" ተብሎ ይዘለላል፣ በሚቀጥለው ወርም እንደዛው። ኦፕሬተሮቹን ሳናግር "የኔ ስራ ማንቀሳቀስ ነው፣ መጠገን አይደለም" ይላሉ። ሜካኒኮቹ ደግሞ "ኦፕሬተር እጅ ቁልፍ ከገባ ማሽኑ አለቀለት" ይላሉ። እኔ መሃል ላይ ነኝ።

ከምኑ ነው የሚጀመረው? ኦፕሬተሩንና ሜካኒኩን ምን ብዬ ላስማማ? ለውጥ መጣ አልመጣም የሚለውንስ በምን ልለካ? የሰራችሁበት ሰዎች እውነቱን ንገሩኝ፣ የስልጠና ስላይድ እንደሆነ ሞልቶኛል።

ካቻቢቴ፦

ወንድሜ መጀመሪያ ስድስት ወሯን እናውራት። ቲፒኤም መልክ ይዞ የወጣው ጃፓን ውስጥ ኒፖንዴንሶ ይባል የነበረው (የዛሬው ዴንሶ) የቶዮታ ግሩፕ መለዋወጫ አምራች ጋር ነው፣ 1971 ላይ። እዛ የሆነው ምን መሰለህ፣ ፋብሪካው አውቶሜሽን ሲያበዛ ማሽኑ በዛ፣ ሜንቴናንስ ክፍሉ ሁሉንም ማዳረስ አቃተው፣ ስለዚህ የዕለት እንክብካቤውን ማለትም ማጽዳት ዘይት ማየት ብሎን ማጥበቅ የመሳሰለውን ለኦፕሬተሩ ሰጡትና ሜንቴናንሶቹ ከበድ ወዳለው ስራና ማሽኑን ወደማሻሻል ዞሩ። ከዛ ሴይቺ ናካጂማ የሚባለው የጃፓን የጥገና ባለሙያ 12 ደረጃ አድርጎ አስቀመጠው። ከ12ቱ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 5 ዝግጅት ብቻ ናቸው፣ ውሳኔውን ማሳወቅ፣ ማስተማር፣ ኮሚቴ ማዋቀር፣ ግብ ማስቀመጥ፣ ማስተር ፕላን ማውጣት። ይሄ ዝግጅት ራሱ ወራት ይበላል፣ አጠቃላዩ ደግሞ ሶስት ዓመት አካባቢ ነው የሚባለው። ስለዚህ ለአለቃህ "አይቻልም" አትበለው፣ "በስድስት ወር ዝግጅቱን ጨርሼ አንድ ማሽን ሰርቼ አሳይሃለሁ፣ ከዛ አይተህ ትወስናለህ" በለው። አንድ ማሽን። ስምንት ፒላር ባንዴ ካቆምክ ስምንት ኮሚቴ ይኖርሃል፣ ማሽኑ ግን እዛው ይንጠባጠባል።

ማሽኑን ስትመርጥ በጣም የሞተውን አትምረጥ፣ ኦቨርሆል (ሙሉ ተፈትቶ መታደስ) የሚፈልግ ማሽን ላይ ጽዳት ብትሰራ ለውጡ አይታይህም። በጣም ደህናውንም አትምረጥ። ሲቆም ሰው ሁሉ የሚሰማው፣ በትንሽ በትንሹ የሚያስቸግር፣ መተላለፊያ ላይ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ያለፈ ሁሉ ያየዋላ።

ከዛ የመጀመሪያው ጽዳት። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚስተው፣ ለእንግዳ የሚጸዳ ጽዳት አይደለም፣ ምርመራ ነው። ማሽኑ ይቆማል፣ ኃይሉ ይጠፋል፣ መጥፊያው ይቆለፋል፣ ጋርዱ ይፈታል፣ ኦፕሬተሩም ሜካኒኩም ሱፐርቫይዘሩም ከተቻለ ፕሮዳክሽን ማኔጀሩም ጨርቅ ይዘው ይገባሉ። እጅህ ያልነካውን ዓይንህ አያየውም። እኔ ከገባሁባቸው አንዱ ላይ የጊር ቦክሱ ላይ ለዓመታት የተጋገረ ዘይትና አቧራ በላሜራ ስንፍቅ ከስር የዘይት ማያ መስታወት ወጣ፣ ማሽኑ ላይ መኖሩን ራሱ የሚያውቅ ሺፍት አልነበረም፣ ዘይት በግምት ነበር የሚጨመረው። ሞተሩ የተቀመጠበት ጋ አራት ብሎን መኖር ሲገባው አንዱ የለም፣ አንዱ ደግሞ በእጅ ይዞራል። ኦፕሬተሩ "ለካ ለዚህ ነው ቺንጋ የሚበላው" አለ፣ ሜካኒኩ ቀና ብሎ አየው። እኔ ምንም ሌክቸር አልጨመርኩም።

የተገኘው ችግር ሁሉ ካርድ ይንጠለጠልበታል። ሁለት ቀለም አድርገው፣ አንዱ ኦፕሬተሩ ራሱ የሚዘጋው፣ ሌላው ሜንቴናንስ የሚዘጋው። አሁን ዋናውን ነገር ልንገርህ፣ ቲፒኤም የሚሞተው እዚህ ካርድ ላይ ነው። ኦፕሬተሩ ይሰቅላል፣ ሳምንት ይሆናል፣ ወር ይሆናል፣ ካርዱ ራሱ አቧራ ይለብሳል፣ ከዛ ሁለተኛ ማንም አይሰቅልም። ስለዚህ ካርድ ከመታተሙ በፊት ከሜንቴናንስ ኃላፊው ጋር ተነጋገር፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ለካርድ ይመደባል፣ ማን ይመደባል፣ ስፔር ከሌለስ መልሱ በማን በኩል ለኦፕሬተሩ ይደርሳል። "አይሰራም፣ ምክንያቱም እንዲህ" የሚል መልስም መልስ ነው፣ ዝምታ ነው የሚገድለው።

ሺፍት ሁለት፦

እኔ ኦፕሬተር ነኝ ከታች ያለውን ልንገራችሁ። እኛ ጋ ይሄ ነገር መጥቶ ነበር። ስልጠናው ጥሩ ነበር፣ ሲያልቅ ቼክሊስት ተሰጠን ገጽ ሙሉ፣ "የሞተሩን ሁኔታ አረጋግጥ" ይላል። ሁኔታ ማለት ምን? ይሙቅ ነው ይጩህ ነው? ስንት ድረስ? ማንም አልነገረንም። የቀን ታርጌት አንድ አልተቀነሰም፣ ጽዳቱን "ስታገኙ" ነው ያሉን፣ መቼ ነው የምናገኘው? ስለዚህ ሁሉም ሰኞ ጠዋት ቁጭ ብሎ እስከ ቅዳሜ ያለውን ራይት ራይት ራይት ያደርጋል። ኦዲት ሲመጣ ፎርሙ ሙሉ ነው፣ ማሽኑ ያው ነው። ሱፐርቫይዘሩም ያውቃል፣ እሱም ፎርሙን ነው የሚቆጥረው።

ኦፕሬተር አልቀበልም ሲልህ ሰነፍ ነው አትበል። ስራ ተጨምሮበት ጊዜ ካልተሰጠው፣ ማሽኑ ሲበላሽ ደግሞ "አንተ ነህ ያላየኸው" ከተባለ ማን ይቀበላል። በቃ ይሄው ነው።

የመስመር አለቃ፦

@ሺፍት ሁለት ወንድሜ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ በሱፐርቫይዘር በኩል ሆኜ ነው ያየሁት። እኛ ጋ የተስተካከለው ፕሮዳክሽን ፕላኒንግ ውስጥ ሲገባ ነው። ሺፍት ሲጀመር 10 ደቂቃ፣ ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ትንሽ ረዘም ያለ፣ ፕላኑ ላይ እንደ ታቀደ ማቆም ተይዞ፣ ታርጌቱ ከሱ ተቀንሶ። መጀመሪያ ፕላኒንጎቹ ጮኹ፣ "በቀን ይሄን ያህል ካርቶን አጣን" አሉ። እኔ ደግሞ ያለፈውን ወር የብልሽት መዝገብ ይዤ ሄድኩና በብልሽት ያጣነውን አሳየኋቸው፣ ክርክሩ አጭር ሆነ። አዲስ ገቢ፣ አንተም ማኔጅመንት ፊት ስትቀርብ ይሄን ይዘህ ቅረብ፣ ስለ ፒላር አታውራ።

ሁለተኛው ቼክሊስቱን ቢሮ ውስጥ አትጻፉት። ካቻቢቴ ካለው ጽዳት በኋላ ኦፕሬተሮቹ ራሳቸው ይጻፉት፣ ከማሽኑ ፎቶ ጋር፣ ቀስት ተደርጎ። "የሞተሩን ሁኔታ" ሳይሆን "ጌጁ አረንጓዴው ላይ ነው?"፣ "ዘይቱ ከሁለቱ መስመር መሃል ነው?"፣ "ብሎኑ ላይ የተሰመረው ቀለም አልተዛነፈም?" መሆን አለበት። ይሄ የመጨረሻው በጣም ነው የምወደው፣ ብሎኑ በልኩ ከጠበቀ በኋላ ከብሎኑ ራስ ጀምረህ እስከ ማሽኑ አካል አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም ትስላለህ፣ ሲላላ መስመሩ ይሰበራል፣ ቁልፍ ሳትይዝ እያለፍክ ታየዋለህ። ጌጁንም እንደዛው፣ ደህናው ክልል አረንጓዴ፣ ያለፈው ቀይ። የኛ ቼክሊስት መጨረሻ ላይ ግማሽ ገጽ ሆነ።

እና ደግሞ እባክህ ማኔጀሩ ቦርዱን ሳይሆን ማሽኑን እንዲያይ አድርግ። ቦርድ የሚያምረው ፕሪንተር ካለ ነው።

ያገለገለ፦

እኔ ለሃያ ምናምን ዓመት ማሽን ስጠግን ካይዘንም ቲኪውኤምም ሁሉም መጥቶ ሲሄድ አይቻለሁ፣ ይሄም ፋሽን ነው ያልፋል። ስፔር ፓርት በጊዜ ግዙልን፣ ኦሪጅናል ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ግዙልን፣ ሌላ ምንም አንፈልግም።

ካቻቢቴ፦

ጋሼ ስፔሩ ላይ ልክ ነዎት፣ ማንም አይከራከርም። ግን ኦሪጅናል ኩሽኔታም ዱቄት ከገባበትና የሚነዳው ቺንጋ ከልክ በላይ ከተወጠረ ያው ነው የሚሆነው፣ ውድ ሆኖ ይበላሻል እንጂ። እርስዎ ራስዎ ስንቴ ነው አንድ ቦታ ላይ ያንኑ ኩሽኔታ የቀየሩት?

ያገለገለ፦

እሱስ እውነት ነው። የማጠቢያው ኮንቬየር ጫፍ ያለው፣ ውሃ ይረጭበታል። ሽፋን ይሰራለት ብዬ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ መሰለህ።

ካቻቢቴ፦

አዩ፣ እሱ እኮ ነው ሁለተኛው ደረጃ! አዲስ ገቢ ይሄን ልብ በል፣ ኦፕሬተሩ በራሱ የሚጠብቅበት ክፍል 7 ደረጃ አለው፣ አንደኛው ጽዳት ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ቆሻሻው የሚመጣበትን ምንጭ ማድረቅና ለማጽዳትና ለማየት የሚያስቸግረውን ቦታ ማስተካከል ነው። ብዙ ፋብሪካ ከአንደኛው ዘሎ ሶስተኛው ላይ ማለትም ስታንዳርድ መጻፍ ላይ ይገባል። ያኔ ጽዳት ቅጣት ይሆናል፣ በየቀኑ ያንኑ ዱቄት መጥረግ። ዱቄቱ ከየት ነው የሚፈሰው? ከመሙያው አፍ ጎን ከሆነ አንዲት ላሜራ ቆርጠህ ጎማ አድርገህ ዝጋው። ግሪስ መስጫው ጋርድ ውስጥ ተደብቆ ከሆነ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጪ አውጣው። ቺንጋውን ለማየት ስድስት ብሎን መፍታት ካለበት ማንም አያየውም፣ ጋርዱ ላይ በማይሰበር ፕላስቲክ መስኮት አውጣለት። ይሄን የሚሰራው ማን ነው? ሜካኒኩ። ኦፕሬተሩ ይጠይቃል፣ ሜካኒኩ ይሰራል፣ በማግስቱ የኦፕሬተሩ ድካም ይቀንሳል። ሁለቱን ምን ብዬ ላስማማ ላልከው መልሱ ይሄ ነው፣ ስብሰባ ላይ አይስማሙም። ጋሼን የመሰለ ሰው ደግሞ ካለህ ዋና አስተማሪህ እሱ ነው፣ ኩሽኔታ ሊሄድ ሲል እንዴት እንደሚጮህ ለኦፕሬተሮቹ አሰምቶ የሚያስተምር።

የቁጥር ሰው፦

መለኪያውን ማንም አልነካውም ስለዚህ እኔ ልግባ። የተለመደው ኦኢኢ ነው፣ የማሽኑ አጠቃላይ ውጤታማነት ማለት፣ ሶስት ነገር ይባዛል፣ ማሽኑ መስራት ከነበረበት ጊዜ ስንቱን ሰራ፣ ሲሰራ በምን ፍጥነት ሰራ፣ ከሰራው ስንቱ ደህና ነው። በምሳሌ እንየው፣ ሺፍቱ 480 ደቂቃ ነው፣ 30ው የታቀደ ማቆም ስለሆነ ቀረ 450። ብልሽት 50 ደቂቃ፣ ሞዴል መቀየርና ማስተካከያ 40 ደቂቃ ወሰደ፣ የቀረው 360፣ ይሄ 80 በመቶ ነው። ማሽኑ በትክክለኛ ፍጥነቱ አንዱን ዕቃ በግማሽ ደቂቃ ያወጣል፣ ስለዚህ በ360 ደቂቃ 720 ማውጣት ነበረበት፣ ያወጣው 540 ነው፣ 75 በመቶ። ከ540ው 27ቱ ተበላሸ፣ ደህናው 513፣ 95 በመቶ። ሲባዛ 57 በመቶ። ማጣሪያ ከፈለክ 513ን በግማሽ ደቂቃ አባዛና ለ450 አካፍል፣ ያው 57 ይመጣል።

አሁን ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ተመልከታቸው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ 50 ደቂቃው ብልሽት ነው ምክንያቱም ሜካኒክ ይጠራል፣ ስልክ ይደወላል፣ ሪፖርት ይጻፋል። ፍጥነት ላይ የጠፋው ግን 25 በመቶ ነው፣ 90 ደቂቃ ማለት፣ የብልሽቱን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ እና ማንም አልጻፈውም። ዕቃ ተሰነቀረ ኦፕሬተሩ በእጁ ነቀለው፣ ሴንሰሩ ቆሸሸ ጠረገው፣ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ፍጥነቱን ቀነሰው። እያንዳንዷ ደቂቃም አትሞላም። ስለዚህ መጀመሪያ በመረጥከው አንድ ማሽን ላይ ለተወሰነ ጊዜ ኦፕሬተሩ በቆመ ቁጥር አንድ ሰረዝ ብቻ የሚያሰምርበት ወረቀት ስቀል፣ የቆመበትን ቦታ በስዕል፣ ደቂቃ እንዲጽፍ አታስገድደው። ሰረዙ የተጠራቀመበት ቦታ ላይ ሂድ።

85 በመቶ የሚባለውን ትሰማለህ፣ እሱ 90፣ 95 እና 99 ሲባዛ የሚመጣ ነው፣ ግብ አድርገህ ግድግዳ ላይ አትለጥፈው። አንተ 57 ላይ ሆነህ 85 ቢለጠፍ ሰው ይስቃል። የመሙያውን ኦኢኢ ከማሸጊያው ጋርም አታወዳድር፣ ያንኑ ማሽን ከራሱ ካለፈው ወር ጋር ነው። ቦነስ ግን መጀመሪያ አካባቢ በፍጹም እንዳታስርበት። ቦነስ ከታሰረበት ቀን ጀምሮ ብልሽት "የታቀደ ማቆም" ተብሎ መጻፍ ይጀምራል፣ "ትክክለኛ ፍጥነት" የሚባለውም በደብዳቤ ይቀንሳል፣ አንዱ ቦታ ላይ ከ100 በላይ ኦኢኢ ሪፖርት ሲደረግ አይቻለሁ እኮ!

አዲስ ገቢ፦

እናመሰግናለን፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። አለቃዬን አናገርኩት፣ የመስመር አለቃ እንዳልከው የብልሽት መዝገቡን ይዤ ነው የገባሁት። ስምንቱን ፒላር ትቶ አንድ ማሽን ላይ ተስማምቷል፣ የካርቶን መዝጊያዋን መረጥን። ባነሩ ግን መጥቶ ተሰቅሏል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አለቃዬ "እንግዲያው ፕላንድ ሜንቴናንሱን አጠንክረው" ብሎ ሁሉም ኩሽኔታ፣ ሁሉም ቺንጋ በየተወሰነ ወር ይበላሽ አይበላሽ ይቀየር ይላል። ልክ ነው? ሁለተኛ፣ ሜካኒኮቹ አሁንም ስራችን ሊወሰድ ነው ብለው ይፈራሉ።

ዝም ያለ ሞተር፦

የመጀመሪያውን ልመልስ፣ ሪሊያቢሊቲ (ማሽን ለምንና መቼ እንደሚበላሽ ማጥናት) ነው ስራዬ። ሁሉንም በቀን ቆጥሮ መቀየር ጥሩ ይመስላል ግን ገንዘብህን ይበላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ብልሽት ያመጣል። 1978 ላይ ኖውላንና ሂፕ የሚባሉ የዩናይትድ ኤርላይንስ ሰዎች ለአሜሪካ መከላከያ መስሪያ ቤት ባቀረቡት ጥናት የአውሮፕላን ክፍሎችን ሲያዩ ዕድሜ እየጨመረ ሲሄድ የመበላሸት ዕድላቸው የጨመረው 11 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። 68 በመቶው እንደውም ብዙ የተበላሸው አዲስ ሲገጠም ነው፣ ከዛ በኋላ ይረጋጋል። የአውሮፕላን ቁጥር እንዳለ የካርቶን መዝጊያ ላይ አይገለበጥም፣ ግን ሃሳቡ ይሰራል፣ ደህና እየሰራ ያለ ኩሽኔታ በመዶሻ አውጥተህ ሌላ በመዶሻ ስታስገባ ያልነበረ ችግር ልታስገባ ትችላለህ።

ከቲፒኤም ጋር የሚገናኘው እዚህ ጋ ነው። ማሽን በሁለት መንገድ ያረጃል። አንዱ የተፈጥሮ እርጅናው ነው፣ በአግባቡ ተይዞም አንድ ቀን ያልቃል። ሌላው እኛ ያስረጀነው ነው፣ በቆሻሻ፣ በቅባት እጥረት፣ በላላ ብሎን፣ ከአቅሙ በላይ በመጫን። ሁለተኛው ባለበት ፋብሪካ አንዱ ቺንጋ ሁለት ወር አንዱ ዓመት ይሄዳል፣ ምን ብለህ ነው ፕሮግራም የምታወጣለት? ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፣ መጀመሪያ መሰረታዊውን ሁኔታ መልስ፣ ጽዳት ቅባት ማጥበቅ፣ ከዛ ዕድሜያቸው እየተቀራረበ ይመጣል፣ ያኔ በጊዜ የሚቀየረውን በጊዜ፣ በሙቀትና በንዝረት የሚታየውን እያየህ፣ ርካሽና ሲበላሽ ምንም የማያስቆመውን ደግሞ እስኪበላሽ ተወው። አዎ ተወው፣ ሁሉም ነገር ፕሪቬንቲቭ አያስፈልገውም።

ግሪስ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። ኦፕሬተር ግሪስ ይስጥ ሲባል ብዙ ቦታ ጠመንጃው ይሰጠውና እስኪተፋ ይገፋል። ሲበዛም ኩሽኔታው ያንን ሁሉ ግሪስ ሲያማስል ይሞቃል፣ የኩሽኔታውን ሲል (ማሸጊያ) ገፍቶ ይወጣል፣ በኤሌክትሪክ ሞተር ላይ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ዋይንዲንጉ (የሽቦ ጥቅልሉ) ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ስንት ምት፣ በየስንት ጊዜ፣ የቱ ግሪስ የሚለው እዛው መስጫው አጠገብ ይጻፍ። የግሪስ ዓይነትም አይደባለቅ፣ ለምሳሌ የሊቲየሙ ከፖሊዩሪያው ጋር ብዙ ጊዜ አይስማማም፣ ተደባልቆ ይቀጥንና ይፈሳል። ጠመንጃውንና መስጫውን አንድ ዓይነት ቀለም መቀባት ይበቃል፣ ሰማያዊ ለሰማያዊ።

ያገለገለ፦

የሜካኒኮቹን እኔ ልንገርህ ልጄ። ስራ ይወሰድብኛል ብሎ አይደለም ሙሉ በሙሉ። ማሽን ሲቆም ሁሉም ሰው ያንን አንድ ሰው ነው የሚጠብቀው፣ ማኔጀሩ አጠገቡ ቆሞ፣ ሲነሳ ይጨበጨባል። ማሽን ካልቆመ ማን ያየዋል? ኦቨርታይሙም ይቀንሳል፣ እሱን ደግሞ ማንም በአፉ አይናገረውም። ስለዚህ ኦቨርታይም የሚቀርበትን ሰው ሌላ ምን እንደምትሰጠው አለቃህን ጠይቀው፣ ግሬዱን በሚያውቀው ችሎታ ልክ የሚያሳድግ ነገር ካለ ሰው ይከተላል። እና ድንበሩን በጽሁፍ አስቀምጡት። ኦፕሬተር የማይነካው፣ የኤሌክትሪክ ፓነል፣ የሴፍቲ ስዊች፣ አላይመንት (የክፍሎች መስመር ማስተካከል)፣ ሃይድሮሊክ ግፊት። ይሄ ከተጻፈ ሜካኒኩም ይረጋጋል ኦፕሬተሩም "ለምን አልነካህም" አይባልም።

ሺፍት ሁለት፦

ጋሼ የኦቨርታይሙን ነገር ስላነሱት እግዜር ይስጥልኝ። ለኦፕሬተሩም እንደዛው ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛ ጋ ያ ቼክሊስት ከከሸፈ በኋላ አንድ ሜካኒክ በራሱ ተነሳስቶ አንድ ገጽ ላይ እየሳለ ሺፍት ሲቀየር አምስት ደቂቃ ያስረዳን ጀመር፣ አንድ ወረቀት አንድ ነገር ብቻ። የኤር ማጣሪያው ውሃ እንዴት ይወጣል፣ ቺንጋ ልክ ሲወጠርና ሲላላ በአውራ ጣት ስትጫነው ምን ያህል ይገባል። ከሁለት ቀኑ ስልጠና እሱን ነው ዛሬም የማስታውሰው። በኋላ እኛም እየጻፍን መለጠፍ ጀመርን፣ የኔ አንዱ እስካሁን ማሽኑ ላይ አለ።

አዲስ ገቢ፦

ጋሼ የድንበሩን ወረቀት ነገ ከሜንቴናንስ ኃላፊው ጋር እንጽፋለን። ኦቨርታይሙን ግን አለቃዬ ጋ እንዴት እንደማነሳው እያሰብኩ ነው።

ቅዳሜ የመጀመሪያው ጽዳት ነው። ጨርቅ፣ ብሩሽ፣ ካርድ፣ የመቆለፊያ ጓጉንቸሮች አዘጋጅቻለሁ። ኦፕሬተሮቹ "በኮምፕረሰር አየር እንንፋው፣ በአስር ደቂቃ ያልቃል" እያሉኝ ነው፣ ይቻላል?

ካቻቢቴ፦

አይቻልም፣ የአየር ቱቦውን ከአካባቢው አርቀው። ስትነፋው አቧራው አይጠፋም፣ ኩሽኔታና ፓነል ውስጥ፣ ሴንሰር ላይ ይገባል፣ የቀረው ጎረቤት ማሽን ላይ ያርፋል፣ ሰው ዓይንም ይገባል። ቫክዩም ካላችሁ በቫክዩም ሳቡት፣ ከሌለ በብሩሽና በጨርቅ። በዛ ላይ በአስር ደቂቃ ካለቀ ምኑን አያችሁት፣ ያን የጠፋ ብሎን የሚያገኘው ጨርቅ የያዘ እጅ ነው። እያንዳንዱ የሚገባ ሰው የራሱን ጓጉንቸር መጥፊያው ላይ ይስቀል፣ ማኔጀሩም ቢሆን፣ እና ከመግባታችሁ በፊት ማስነሻውን ተጭናችሁ እንደማይነሳ አረጋግጡ። የታመቀ አየርም ካለ ከሲሊንደሩ አስወጡት፣ የካርቶን መዝጊያ ኃይሉ ጠፍቶም እጅ ይይዛል። ካርዱን በደንብ አብዝተህ አሳትም፣ ትንሽ ይዘህ ከገባህ ግማሹ ችግር ሳይጻፍ ይቀራል።